የጋራ ማክሮዎች ደንብ፦ ዲክሌር ያልተደረገ ቫሪያብል እንዳይፈቀድ የቀረበ ረቂቅ

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፣ አራት ኪሎ

ክቡራን አባላት፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ቢሮዎቻችን ለደመወዝ ሥራ የምንቀባበላቸው የኤክሴል ማክሮዎች (ሥራን በራሳቸው የሚያከናውኑ ኮዶች) በእያንዳንዱ ሞጁል (የኮድ ገጽ) አናት ላይ «ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት» የሚል፣ እያንዳንዱ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) አስቀድሞ ዲክሌር እንዲደረግ፣ ማለትም እንዲታወጅ፣ የሚያስገድድ መስመር እንዲኖራቸው በጋራ ደንባችን ግዴታ ሆኖ እንዲሰፍር በአክብሮት አሳስባለሁ። መስመሩ ከሌለ የማክሮዎቹ ቋንቋ ቪቢኤ ያልታወጀውን ስም አይቃወምም፤ ባዶ ቫሪያንት (ማንኛውንም ዓይነት ዋጋ የሚይዝ ቫሪያብል) ይፈጥርለትና በስሌት ውስጥ እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቀነሰውን 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ የሚያሰላ ኮድ መጣኔውን የያዘውን ቫሪያብል ስም በአንድ ፊደል ቢያዛንፍ፣ ተቀናሹ ዜሮ ሆኖ ይወጣል፤ ማስጠንቀቂያም አይታይም። የአማርኛ ስሞችን በላቲን ፊደል የምንጽፍበት ወጥ አሠራር ስለሌለን ደግሞ፣ አንዱ የጀመረውን ኮድ ሌላው ሲቀጥል እንዲህ ያለው መዛነፍ በቀላሉ ይፈጠራል። መስመሩ ካለ ግን ኮዱ ሥራ ሳይጀምር ይቆማል፤ ያልታወቀውንም ስም ለይቶ ያሳያል።

የሒሳብ ባለሙያ አባል፣ ካዛንቺስ

ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ሆኖም በቪቢኤ ኮድ መጻፊያ መስኮት፣ በቱልስ ሜኑ ኦፕሽንስ ውስጥ «ሪኳየር ቫሪያብል ዴክላሬሽን» የሚለውን ምልክት ማድረግ ይበቃል የሚለው የረቂቁ ሁለተኛ አንቀጽ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ምልክቱ መስመሩን የሚያስገባው ከዚያ በኋላ በሚከፈቱ አዳዲስ ሞጁሎች ላይ ብቻ ነው፤ የሚቀመጠውም በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ እንጂ ከፋይሉ ጋር አይሄድም። በቆዩት ሞጁሎች ላይ መስመሩን በእጅ መጻፍ፣ ከዚያም ከዲበግ ሜኑ ኮምፓይል ማድረግ (ኮዱን ሳያስኬዱ ለስሕተት ማስፈተሽ) ያስፈልጋል፤ ኮምፓይለሩም ስሕተቶቹን አንድ በአንድ ስለሚያወጣ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በደመወዝ መክፈያ ሳምንት እንዳይጀመር አደራ እላለሁ።

የቴክኒክ ኮሚቴ አባል፣ አራት ኪሎ

እርምቱ ትክክል ስለሆነ ተቀብየዋለሁ። ደንቡ የተሳሳተ መጣኔን እንደማያርም፣ ስምን ብቻ እንደሚጠብቅ ለአባላት በግልጽ መነገር አለበት። ቫሪያብል በሚታወጅበት በአንድ «ዲም» መስመር ሁለት ስሞች ተጽፈው መጨረሻ ላይ «አዝ ሎንግ» (ዓይነቱ ሙሉ ቁጥር ይሁን) ቢባል ሎንግ የሚሆነው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ቫሪያንት ሆኖ ይቀራል፣ ኦፕሽን ኤክስፕሊሲትም ይህን አይከለክልም። ስለዚህ አንቀጹ እንዲህ ይሻሻል፦ «ማንኛውም የጋራ ማክሮ ለአባላት ከመሠራጨቱ በፊት በሁሉም ሞጁሎቹ ላይ ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ ቫሪያብል የራሱ ዓይነት ይጻፍለታል፤ ፋይሉም ያለ ስሕተት ኮምፓይል መደረጉን ከጸሐፊው ሌላ አንድ አባል ያረጋግጣል።»

የሒሳብ ባለሙያ አባል፣ ካዛንቺስ

በዚህ አገላለጽ እስማማለሁ፤ የጡረታና የግብር ማክሮዎችን ለማረጋገጥም ፈቃደኛ ነኝ።