እንግሊዝ አገር ከቤት ፊት ለፊት ረጅም አጥር ማሠራት ይቻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ዳር ቤት ገዝተን ገባን። የፊት ግቢው ለመንገዱ ክፍት ነው፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ልቤ አይረጋም። ባለቤቴ 1.80 ሜትር የእንጨት አጥር እናሠራ ይላል፤ ጎረቤታችን ደግሞ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) አይፈቅድላችሁም አለን። በገዛ ግቢያችን?

— እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ጎረቤታችሁ ልክ ነው። መኪና ከሚሄድበት መንገድ ጋር የሚዋሰን አጥር፣ ግንብም ሆነ በር፣ ያለ ፕላኒንግ ፈቃድ (ካውንስሉ የሚሰጠው የግንባታ ፈቃድ) የሚሠራው እስከ 1 ሜትር ብቻ ነው። ሌላው ቦታ ላይ እስከ 2 ሜትር ይሄዳል። የእግረኛ መንገዱ ዳር ያለ አጥርም ከመንገዱ ጋር እንደሚዋሰን ነው የሚቆጠረው፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ስለገፋችሁት ብቻ አታመልጡም። አናጺዎች ከላይ ትሬሊስ (እንደ መረብ የተሠራ የእንጨት ፍርግርግ) ጨምሩበት ይላሉ፣ እሱም ከቁመቱ ይደመራል። አዲስ አበባ ግንቡን ከፍ አድርጎ ጠርሙስ ሰባራ መሰካት ለለመደ ሰው 1 ሜትር ቀልድ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን ከግቢው መኪና የሚያወጣ ሰው የሚያልፈውን ልጅ እንዲያይ ነው፣ እኔ በበኩሌ ሕጉን አልጠላውም።

ከካውንስሉ በፊት ግን የቤቱን ሰነድ እዩ። ላንድ ሬጅስትሪ (የመሬትና የቤት ባለቤትነት የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ኮፒውን በትንሽ ክፍያ ማውረድ ትችላላችሁ። አንዳንድ አዳዲስ ሰፈሮች የፊት ግቢው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ውል ወይም የፕላኒንግ ቅድመ ሁኔታ አለባቸው፣ እዚያ 1 ሜትሩም ላይፈቀድ ይችላል። ቤቱ በታሪካዊነት የተመዘገበ ከሆነ፣ ወይም የጎረቤታችሁ ቤት ተመዝግቦ አጥሩ ከእሱ ጋር የሚያዋስናችሁ ከሆነ፣ ፈቃድ ሳትጠይቁ አትንኩት።

— እኛ ሰፈር አንዱ ወገናችን ዝም ብሎ ሠራው፣ ማንም ምንም አላለውም። ምን ይሆናል?

— ወንድሜ፣ እስኪከሰስ ነው ዝምታው። አንድ ጎረቤት ካመለከተ ከካውንስሉ ደብዳቤ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ አሳጥረው ወይም አሁን ፈቃድ አመልክት የሚል። ያንን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ መወርወር ነው ጣጣው። ቀጥሎ መደበኛ የማስፈጸሚያ ትእዛዝ ሊመጣ ይችላል፤ ይግባኝ የሚባለው ትእዛዙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ነው፣ ከዚያ በኋላ አልፈጽምም ማለት ወንጀል ነው። ድሮ 4 ዓመት ካለፈው ይተርፋል ይባል ነበር፣ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ለሚጠናቀቅ ሥራ 10 ዓመት ሆኗል። ስለዚህ «ይረሱታል» ብሎ ነገር የለም።

ወደ እህታችን ልመለስና፣ እኔ ብሆን 1 ሜትር አጥር ከሚዘጋ በር ጋር አሠርቼ ከኋላው ቁጥቋጦ እተክላለሁ። የተተከለ ተክል የፕላኒንግ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ውላችሁ ካልከለከለ በስተቀር። ቶሎ ያድጋል፣ ግን ወደ እግረኛው መንገድ እንዳይወጣ መከርከም የእናንተ ሥራ ነው።

— እግዜር ይስጥልኝ። ከጎረቤት ጋር የሚለየንስ የጎን አጥር?

— እሱ እስከ 2 ሜትር ይቻላል። ወደ መንገዱ ሲጠጋ ግን ጫፉ ላይ ወደ 1 ሜትር ዝቅ ይበል። የማን ድርሻ እንደሆነ ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ፣ እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ሰውየውን ሻይ ጋብዙት።