«ኮማንድ የማይችል ሰርቨር አይንካ» ምን ማለት ነው?

የሌሊት ተረኛ፦ ትናንት አንድ ልጅ፣ አንዱን ሰርቨር ኮንቴይነር ለሚባሉ ብዙ ክፍሎች ስለሚከፍሉት ሶፍትዌሮች፣ «ኦፕንቪዜድና ኤልኤክስሲ ላይ በጽሑፍ ትእዛዝ (ኮማንድ) ፋንታ በብራውዘር የሚሠራ ማስተዳደሪያ ገጽ ቢጨመር» ሲል፣ ቀበና «ኮማንድ የማይችል ሰርቨር አይንካ» ብሎ አፉን አስያዘው። በጣም ነው ያናደደኝ። ኦፕንቪዜድ እ.ኤ.አ. በ2005 በነፃ ሲለቀቅ የደረሰን ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) እና የኮማንድ መሣሪያው ቪዜድሲቲኤል ነው። ምቹው ማስተዳደሪያ የሚሸጠው እትሙ ቨርቹኦዞ ጋር ቀረ። ልጁ የጠየቀው የቀረችውን ግማሽ ነው።

ቀበና፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ኮንቴይነሮቹ አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ተከራዮች ናቸው፤ ከርነሉ አንድ ነው። ገጹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሩት (ሁሉን የማድረግ) ሥልጣን ይዞ ነው የሚሠራው። እሱ ከተሰበረ የሁሉም በር ተከፈተ።

የሌሊት ተረኛ፦ እሱ ሌላ ክርክር ነው። አንተ ያልከው «አይንካ» ነው። እኔ ስጀምር ደንበኛ ሌሊት 8 ሰዓት ደወለልኝ፤ ዳታቤዙ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሰርቨሩ ላይ ትርፍ ሚሞሪ ሞልቷል። ዩዘር ቢንካውንተርስ የሚባለውን ፋይል ከፈትኩ፤ ቁጥር በቁጥር ነው። የመጨረሻው ዓምድ ፌይልካውንት እንደሆነ፣ እዚያ ቁጥር ከጨመረ ኮንቴይነሩ ገደቡን ነክቷል ማለት እንደሆነ የነገረኝ የለም። እያየሁት አለፍኩት። አንድ ቀይ ምልክት የሚያሳይ ገጽ ቢኖር ደንበኛው እስኪነጋ አይቆምም ነበር። ያን ቀን «አትንካ» ብባል ደግሞ ዛሬም አላውቀውም።

ሳሪስ፦ ፕሮክስሞክስ የሚባለው የሰርቨር ማስተዳደሪያ ገጹን ከ2008 ጀምሮ በነፃ ይሰጥ የለ እንዴ? ምኑ ነው የጎደለው?

የድሮ ቪዜድ፦ በ2015 ስሪት 4 ላይ ኦፕንቪዜድን አውጥቶ ኤልኤክስሲ አስገባ። ድሮ በቪዜድማይግሬት ኮማንድ ሥራው ሳይቋረጥ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ይዛወር የነበረ ኮንቴይነር፣ እዚያ ዛሬም ጠፍቶ ነው የሚነሳው። ገጹ አማረ፣ ሥራው ጎደለ።

ሳሪስ፦ ወንድሜ፣ የኦፕንቪዜድ ከርነል እኮ አሮጌው 2.6.32 ስሪት ላይ ቆሞ ነበር! እስከ መቼ ይጠብቁ?

የድሮ ቪዜድ፦ የቆመ ግን የማይወድቅ ከርነል ነበር።

ጦቢያ ሊኑክስ፦ እህታችሁን ስሙኝ። እኔን የሚያሳስበኝ ባለቤትነቱ ነው። ኤልኤክስሲን በሚያስተዳድረው ሶፍትዌር በኤልኤክስዲ ላይ ስንት ሰው ለፍቷል። ጁላይ 2023 የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል ሊኑክስ ኮንቴይነርስ ከሚባለው የጋራ ፕሮጀክት አውጥቶ በራሱ ሥር አደረገው። በወሩ ኢንከስ የሚባል ሌላ ፕሮጀክት ከዚያው ኮድ ተገነጠለ። ዲሴምበር ላይ የኤልኤክስዲ ፈቃድ ተቀየረ፤ ኢንከስ ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ኮድ መውሰድ አይችልም። ገጽ ይጨመር ስትሉ፣ የማን ቤት ውስጥ እንደሚጨመር አብራችሁ ጠይቁ።

ቀበና፦ ይሄ ልክ ነው። ተረኛ፣ ላንተም ልመለስ፦ ማሳያ ብቻ ይሁን። ፌይልካውንቱን ያሳይ፣ ማጥፊያና ማስነሻ ግን አይኑረው።

የሌሊት ተረኛ፦ እንግዲያው ጀማሪ ይንካ ማለት ነው?

ቀበና፦ ይይ ነው ያልኩት። ይንካ አላልኩም።