ለጋራዥ ሥራ፦ የንፋስ፣ የባትሪ ወይስ ባለ ገመድ መሣሪያ?

የቅዳሜ መካኒክ፦
ሰላም ለቤቱ። የራሴንና የወንድሜን መኪና እቤት ነው የምሠራው። 24 ሊትር ኮምፕሬሰር ስላለኝ ባለ ግማሽ ኢንች የንፋስ ኢምፓክት (ብሎን እየመታ የሚያዞር መፍቻ) ገዛሁ። ትናንት የጎማ ዳዶ ልፈታ ብል ሁለቱን ፈታልኝና ሦስተኛው ላይ ትርትር እያለ ቀረ። በስተመጨረሻ ጎማ መፍቻው ላይ በእግሬ ቆሜ ፈታሁት። ይሄን ሸጬ የባትሪ ልግዛ? ወይስ ባለ ገመዱ ይሻላል?

ጥቁር እጅ፦
ወንድሜ፣ መሣሪያው ምን አጠፋ? ንፋስ ርቦት ነው። እንዲህ ያለው ኢምፓክት አብዛኛውን ጊዜ 90 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይፈልጋል፤ እሱም ቃታው ተስቦ እያለ፣ እመሣሪያው መግቢያ ላይ። የኮምፕሬሰሩ ታንከር ጌጅ 120 ቢያሳይህ አትመነው። መግቢያው ላይ ጌጅ ግጠምና ቃታውን ስበህ እየው። ብዙ ከወረደ ቱቦህ ቀጥኗል ወይ መጋጠሚያው ጠቧል። የውስጥ ስፋቱ 3/8 ኢንች የሆነ አጠር ያለ ቱቦ ቀይርና ሞክር። ታንከሩ ሥር ያለውን ውሃም አፍስስ፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።
እኔ ለብሎን ባለ 18 ቮልት ባትሪ ነው የምይዘው፤ መኪና ሥር ስገባ የሚጎተት ነገር አልወድም። ለመቁረጥ ግን ገመዴን እዘረጋለሁ። አንዴ የዛገ ጭስ ማውጫ በባትሪ ግራይንደር ስቆርጥ ሁለት ባትሪ ጨርሼ ቧንቧው ግማሹ ላይ ቀረ፣ እኔም ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ቻርጀር ስጠብቅ። የንፋስ ሳንደር (የብርጭቆ ወረቀት ማሽን) ደግሞ በ24 ሊትር አታስበው፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሹ ያጥራል።

ዘይት ጠብታ፦
ጥቁር እጅ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። የነዳጅ ታንከር ስታወርድ ባለ ገመዱንም የባትሪውንም አርቅ። ካርቦን ያለው ሞተር ውስጡ ብልጭ ይላል፣ የቤንዚን ትነት ደግሞ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። እኔ እዚያ በእጅ መፍቻ ነው የምፈታው። የሚያብረቀርቀውን የእጅ ቡሶላም (ብሎኑ ራስ ላይ የሚገባውን ቆብ) ኢምፓክት ላይ አትሰካ፣ ተሰንጥቆ ፊትህ ላይ ይበተናል። ጎማ ስትመልስ የመጨረሻውን ማጥበቅ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካው) አድርገው።

የቅዳሜ መካኒክ፦
ጌጅ ገጠምኩ፤ ቃታውን ስስብ 55 ላይ ወረደ! ቱቦው ያ ጠመዝማዛው ቀጭን ነው፣ ከኮምፕሬሰሩ ጋር አብሮ የመጣው። ሽያጩን ትቼዋለሁ፣ መጀመሪያ እሱን ልቀይር። ታንከሩን ሳፈስ ደግሞ ቡና የመሰለ ውሃ ወጣ፣ ግማሽ ብርጭቆ ይሆናል።