ጥቆማ፦ ለልብ ወለድ መቼትና መነሻ ፍለጋ የት ይኬዳል? በምንስ ይጻፋል?

ሰሞኑን እንደ እህቴ የማያት አንዲት ጀማሪ ጸሐፊ ደወለችልኝ። «መቼቱ አለኝ፣ ሰዎቹም አሉኝ፤ ታሪኩ ግን አልነሳ አለኝ። የት ልሂድ?» አለችኝ። በስልክ የመለስኩላት አላረካኝም። ብዙዎቻችሁም የምትጠይቁት ስለሆነ አዲስ አበባ ውስጥ የተመላለስኩባቸውን ቦታዎችና የምጽፍባቸውን ነገሮች እያነጻጸርኩ ልጠቁማችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። መቼት ሲባል መቼና የት ብቻ አይደለም። እዚያ ዓለም ውስጥ ማን ለማን ይታዘዛል? ማን ለማን ይከፍላል? ነውሩ ምንድን ነው? ታሪክ የሚነሳው ከእነዚህ ሕጎች አንዱ ከአንድ ሰው ደጅ ላይ ሲሰበር ነው። ስለዚህ ወዴት እንደምትሄዱ ከመወሰናችሁ በፊት የጎደላችሁ ሕጉ ነው ወይስ ስብራቱ? እሱን ለዩ።

ከራሴ ልጀምር። አሁን የምጽፈው ታሪክ 1967 ዓ.ም. ጉለሌ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ግቢዋ ውስጥ ስድስት ክፍል ታከራያለች። ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። እኔም ታሪኩን በአዋጁ ጀመርኩት። ሬዲዮኑ ያነባል፣ ሴትዮዋ ትደነግጣለች። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አዋጅ ለሁሉም ነው የሚወጣው። የእሷ የሆነው ነገር ገና አልደረሰም ነበር።

ያወጣኝ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህ ቤት በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። በነገራችን ላይ ስሙ «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው፤ «ወ» የግዕዙ «እና» ናት። የድሮ ጋዜጣና ነጋሪት ጋዜጣ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ስለ አዋጁና ስለዚያ ጊዜ ሳነብ አንድ ነገር ያዘኝ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩ ቤቶች የተሰጡት ለቀበሌ ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉት «ኪራይ ቤቶች» ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። የእኔዋ ሴትዮ ክፍሎች በ15 ብር የሚከራዩ ናቸው። እንግዲህ ኪራዩን ሊሰበስብ የሚመጣው ከሩቅ መሥሪያ ቤት የተላከ ሰው አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ነው። ምናልባትም ቀበሌ የተመረጠ የራሷ ተከራይ! ትናንት «እትዬ» እያለ ገንዘቡን በሁለት እጁ ይሰጣት የነበረው ልጅ፣ ወር ሲሞላ ደረሰኝ ይዞ በፊቷ አልፎ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል። ታሪኬ የተነሳው እዚህ ጋ ነው።

ሌላው የወመዘክር ሀብት ማስታወቂያ ነው። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ የታተመ ጋዜጣ ነው። ዋናውን ዜና እለፉትና የኋላ ገጾቹን እዩ። የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የወራሽነት ጉዳይ፣ የጠፋ የቤት ካርታ። «ካርታ ጠፍቶብኛል» የሚል ማስታወቂያ አንብባችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ካርታውን ያገኘው ሰው ይህን ጋዜጣ እያነበበ ቢሆንስ? መነሻ ላጣ ሰው አንድ ከሰዓት እዚያ መቀመጥ ይበቃዋል። ታገሡ ግን። የፈለጋችሁት ጥራዝ እስኪወጣላችሁ መጠበቅ አለ፤ ዓመተ ምሕረቱንና ወሩን ለይታችሁ ሂዱ።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍትስ? አራት ኪሎ ያለው፣ በ2014 የተከፈተው። ለመጻፍ እወደዋለሁ። ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ቤት ውስጥ ጸጥታ ላጣ ሰው መጠጊያ ነው። የቆየ ወረቀት ለማገላበጥ ግን ወመዘክርን አይተካም። እኔ ወመዘክር አነባለሁ፣ አብርሆት እጽፋለሁ።

ዓለማቸው የገጠር ወይም የጥንት ለሆነባችሁ፣ ወይም ጨርሶ ከምናብ የሚፈጠር ለሆነባችሁ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አጥብቄ እመክራለሁ። ቤቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑል ነው። ብዙ ሰው የንጉሡን መኝታ ክፍል አይቶ ይወጣል። ለጸሐፊ ትልቁ ነገር ግን የዕቃዎቹ አደራደር ነው። ዕቃው በብሔረሰብ ወይም በዘመን ተከፋፍሎ አይደለም የተቀመጠው፤ በሰው ዕድሜ ነው። ከልጅነት ይጀምርና በጉልምስና አልፎ ሞት ላይ ይደርሳል። አዲስ ዓለም ለሚፈጥር ሰው ይህ የተዘጋጀ መጠይቅ ነው። በእኔ ዓለም ሕፃን ሲወለድ ማን እልል ይላል? ልጅ አዋቂ ሆነ የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው? ሙት እንዴት ይሸኛል? ደብተር ይዛችሁ ግቡ፤ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ለራሳችሁ ዓለም መልስ ጻፉ።

እግርን የሚያህል ነገር የለም የሚባለውም እውነት ነው፤ ሰፈሩ ካለ። መቼቱ ፒያሳ የነበረው ዶሮ ማነቂያ የሆነ ሰው ግን ዛሬ በእግሩ ሄዶ የሚያየው የለም፤ በ2016 ፈርሷል። ያኔ የሚቀረው የሰው አፍ ነው። ስለ ትርፍ ቤት አንዲት እናት ጠይቄ ነበር፤ ብዙ ሳይነግሩኝ ቆዩና «ገንዘቡስ ቀረ። እትዬ ማለታቸው ቀረ እንጂ» አሉኝ። ይህን ከየትኛውም ጋዜጣ አላገኘውም ነበር። ስትሄዱ «ታሪክ ይንገሩኝ» አትበሉ። «ያኔ ጠዋት በሩን ማን ይከፍት ነበር?» በሉ። ትንሽ ጥያቄ ትልቅ ነገር ያወጣል። ስኳርና ቡናም አትርሱ፤ እጅ ባዶ አይኬድም።

አሁን ወደ መጻፊያው። ወርልድ አንቪል የልብ ወለድ ዓለም ለመገንባት ተብሎ የተሠራ ድረ ገጽ ነው፤ ካርታውም የነገሥታት የዘር ሐረጉም ይሠራበታል። ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ሙሉው አገልግሎት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ይከፈልበታል። አገር ውስጥ ላለን ከባድ ነው። ረጅም ጽሑፍ የሚጻፍበትና የሚደራጅበት ፕሮግራም ስክሪቭነርም ጥሩ ነው፤ ክፍያው ግን እዚያው ላይ ያቆመናል። እኔ የረጋሁት ኦብሲዲያን የሚባል የማስታወሻ ፕሮግራም ላይ ነው። ለግል በነፃ ነው፣ ፋይሉ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። የአንዱን ሰው ስም በድርብ የማዕዘን ቅንፍ [[ ]] ጽፋችሁ ስትጫኑት የራሱ ገጽ ይከፈታል፤ በአማርኛም ያለ ችግር ይሄዳል። ጎግል ዶክስ ለወዳጅ አስነብቦ አስተያየት ለመቀበል የተሻለ ነው። መንገድ ላይ ድንገት ለሚመጣ ሐሳብ ቴሌግራም ላይ ለራሴ ድምፅ እልካለሁ፤ ማታ ወደ ደብተር ይገለበጣል።

በምንም ጻፉ፣ ፊደሉ ዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ሳይበላሽ የሚነበብ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ጊዜ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የኮምፒውተር ፊደል የተጻፈ 40 ገጽ ይዤ ኅትመት ቤት ሄድኩ። የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝባዝንኬ ሆነ። ሁለት ሳምንት ቁጭ ብዬ እንደገና ለቀምኩት። ጽሑፋችሁን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ እዩት፤ በትክክል ከተነበበ ደህና ነው።

ባለ 50 ሉክ ደብተሩን ግን አልተውኩም። በግራ ገጽ የዓለሙን ሕግ፣ በቀኝ ገጽ ማን ቢጥሰው ማን እንደሚጎዳ እጽፋለሁ። ቀኙ ባዶ የቀረ ሕግ ካለ ወይ ሰው እፈልግለታለሁ ወይ እሰርዘዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውን ብዙ አላውቅም። ጎንደር፣ ደሴ፣ ጅማ የድሮ ጋዜጣ የሚያስነብብ ቤት የምታውቁ ከነሰዓቱ ጻፉልን። ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ አደራ፤ የሚቀጥለው ታሪኬ የሚነሳው ከለገሃሩ ነው፣ በባቡሩ ዘመን እዚያ የሠሩ አባቶችን ማግኘት እፈልጋለሁ።