ለደኑ ባለቤት የምናቀርበው ረቂቅ፦ ግራጫ ሽኮኮዎችን በመመገቢያ ሣጥን አጠገብ ስለመቀነስ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን እስከ እሑድ ጨርሰን መላክ አለብን። ግራጫው ሽኮኮ (ዛፍ ላይ የሚኖረው ስኩዊረል) በ1876 ከሰሜን አሜሪካ መጥቶ ቼሸር ውስጥ ከተለቀቀ ወዲህ አብዛኛውን የእንግሊዝ ደን ይዞታል። የአገሩ ተወላጅ የሆነው ቀዩ ሽኮኮ ተገፍቶ የቀረው እንደ ኖርዘምበርላንድና ከምብሪያ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ነው፤ እኛ ደን ውስጥም ገና አልጠፋም። ሐሳቤ ሣጥኖች ሰቅለን ልምድ ያለው ተኳሽ በአየር ጠመንጃ ግራጫዎቹን እንዲቀንስ ነው።

አባል 1፦ በወጥመድ ይዘን ሩቅ ቦታ ብንለቃቸውስ? መግደሉ ይከብደኛል።

ጸሐፊ፦ እህቴ፣ የተያዘን ግራጫ መልሶ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው። ወጥመድም ቢሆን መጨረሻው ያው መግደል ነው።

አባል 2፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሣጥኑ ራሱ ነው። ግራጫው የሽኮኮ ፈንጣጣን ይሸከማል እንጂ እምብዛም አይታመምበትም፤ ቀዩ ግን ከያዘው ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይሞታል። ሁለቱ ከአንድ ሣጥን ከበሉ በሽታውን ያዛመትነው እኛ ነን። ስለዚህ መጀመሪያ ካሜራ ይሰቀል፣ ሣጥኑ በየጊዜው በፀረ ተህዋስ ይታጠብ፣ የታመመ ቀይ ከታየ ደግሞ በዚያው ቀን ይውረድ። ይህ ካልተጻፈ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ ይጻፋል።

ጋሼ (የድሮው አዳኝ)፦ ስለ ጠመንጃው እኔ ልናገር። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ፈቃድ ወረቀት የሚያዘው ኃይሉ ከ12 ፉት-ፓውንድ ያልበለጠው ነው። ይህ ደካማ መሣሪያ ነው፤ ጭንቅላቱን ካላገኘ አቁስሎ ይለቃል። የሣጥኑ ጥቅም ሽኮኮው ቁጭ ብሎ ሲበላ ተረጋግቶ ማነጣጠር መቻሉ ነው። ከ25 ሜትር በላይ አይተኮስ፤ ቅርንጫፍ ላይ የሚሮጥም አይነካ። ከሣጥኑ ጀርባ የአፈር ቁልል ይኑር፤ ጥይቱ ከደኑ ወሰን ካለፈ ወንጀል ነው። ከስኮትላንድ የምትመጡ ደግሞ እዚያ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ለአየር ጠመንጃም ፈቃድ እንደሚጠየቅ አትርሱ።

አባል 2፦ ጋሼ፣ ቀዩን በስሕተት ቢመታውስ? በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ነው።

ጋሼ፦ በቀለም ብቻ አይፈረድም። ግራጫውም ጎኑና እግሩ ቀላ ይላል፣ ቀዩም በክረምት ወደ ግራጫ ይሄዳል። በክረምት ጆሮው ላይ ጎፈር ያለው ቀዩ ነው። የተጠራጠረ ጠመንጃውን ያስቀምጥ።

አባል 1፦ እሺ፣ ይደረግ ከተባለ ስለ ወቅቱ እንነጋገር። እናቲቱ ከሞተች ጎጆ ውስጥ ያሉት በረሃብ ያልቃሉ።

ጸሐፊ፦ እዚህ ላይ ከባለቤቱ ጋር ሳንጋጭ አንቀርም። እሱን የሚያንገበግበው ከሜይ እስከ ጁላይ ግራጫዎቹ የሚልጡት የዛፍ ቅርፊት ነው፤ በዚያ ሰሞን ተኩሱልኝ ማለቱ አይቀርም። እኔ ግን ዲሴምበርና ጃንዋሪ ብቻ ብለን እንጻፍ ባይ ነኝ። ቅጠል ስለማይኖር በደንብ ይታያል፣ ግልገልም ብዙም አይኖርም።

ገንዘብ ያዥ፦ ለካሜራና ለፀረ ተህዋስ ከመዋጮው ይበቃል። ለጠመንጃ አንከፍልም፣ ተኳሹ የራሱን ያምጣ። ግን ለስንት ዓመት ነው? ዌልስ ውስጥ አንግልሲ ላይ ከ1998 ጀምሮ ዓመታት ፈጅተው ነው ግራጫውን ያጠፉት፤ ያውም ደሴት ሆኖ። የኛን ደን የሚከልል ባሕር የለም፣ ከጎረቤት ይመለሳሉ።

ጸሐፊ፦ ልክ ነህ። «እናጠፋለን» የሚለውን ሰርዤ «በየክረምቱ እንቀንሳለን» ብያለሁ። የጎረቤት ደን ባለቤቶችም እንዲገቡበት አንድ አንቀጽ ጨምሬያለሁ፤ ጋሼ፣ እነሱን የሚያነጋግሩልን እርስዎ ነዎት።

ጋሼ፦ እሺ፣ ቅዳሜ እደውላለሁ።