በርገርና ችፕስ በልቼ ደረቴ እየነደደ ነው፣ አሁኑኑ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ማታ 4 ሰዓት ላይ በርገር ከችፕስና ከግማሽ ሊትር ኮላ ጋር በልቼ ተኛሁ። አሁን 6 ሰዓት ሆኗል፣ ከደረቴ እስከ ጉሮሮዬ ይነዳል፣ ኮምጣጣ ነገር አፌ ድረስ ይመጣል። ሰሞኑን እራቴ ይኸው ነው፤ ጠዋት ጠዋትም በሆነ ባልሆነው እነጫነጫለሁ። አንድ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ ክኒን፣ ኦሜፕራዞል፣ አለኝ፣ ልዋጠው? ነገ ፈተና አለብኝ።

ሚጥሚጣ፦ ተልባ በጥብጠህ ጠጣበት 😀

ነርስ፦ ሕመሙ ወደ ክንድህ ወይም ወደ መንጋጋህ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቀህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ካልሆነ ተነስተህ ቁጭ በል፣ ቀበቶህን ፍታ። ኦሜፕራዞል ለዛሬ ሌሊት አይደርስልህም፤ የሚወሰደው ጠዋት ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ነው። ቶሎ የሚያስታግሰው የሚታኘከው የአሲድ ማርከሻ፣ አንታሲድ፣ ነው። ለራስ ምታት እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ ጨጓራ የሚያስቆጣ ማስታገሻ ትወስዳለህ?

የድሮ ሰው፦ ልጄ፣ ሽሮ በእንጀራ ምን አጠፋ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ችፕሱ፣ ኬቻፑ፣ አይቡ ሲደመር የዚያን ጨው አብዛኛውን በአንድ እራት ትጨርሳለህ!

ሰላም ነኝ፦ ጋሼ፣ ሽሮም ዘይት በዝቶበት በ4 ሰዓት ተበልቶ ቢተኛበት ያው ነው። ቅባት ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ የጨጓራን የላይኛ በርም ያላላል። በዚያ ላይ ሲተኙ አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። ዋናው እራትን ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት መጨረስ ነው። ንጭንጩም ከዚሁ ይመጣል፦ ቃጠሎውና የኮላው ካፌይን እንቅልፍ ይነሳሉ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሲነጋ በትንሹ ይቆጣል፣ ጣፋጭና ቅባትም ያምረዋል። ግማሽ ሊትር ኮላ ከ50 ግራም በላይ ስኳር አለው። መጀመሪያ እሱን በውሃ ቀይር።

ሚጥሚጣ፦ ተልባውን አትርሳ

ቡራቡሬ፦ ስትተኛ በግራ ጎንህ። ትራስ መደራረብ ሆድ ስለሚያጥፍ ያብሳል፤ የአልጋውን ራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በእንጨት ከፍ አድርጋቸው።

ጠያቂ፦ ቁጭ ብያለሁ። ፋርማሲ ተዘግቷል፣ ቤት ያለው የናና ሻይ ብቻ ነው፣ ይሆናል?

ነርስ፦ ናና አይሆንም፣ ያንኑ በር ያላላዋል። ውሃ ጥቂት ጥቂት ፉት በል። በየሳምንቱ የሚመላለስብህ ከሆነ የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) የሰገራ ምርመራ አድርግ፤ ግን ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት መቆም አለበት፣ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊልህ ይችላል። ዳይክሎፌናኩንስ? አልመለስክልኝም እኮ።