የሴል ሽፋን ፕሮቲንን መጠን ለተማሪዎቼ እንዴት ላሳያቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

ናኖ ሜትር (የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ስል ተማሪዎቹ ግራ ስለሚገባቸው፣ 1 ናኖ ሜትርን 1 ሴንቲ ሜትር እናድርገው አልኳቸው። በዚህ ሚዛን የጣት ወርድ፣ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከዚህ አዲስ አበባ ድረስ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቀይ የደም ሴል የኳስ ሜዳ ወርድ ያህላል። የሴሉ ሽፋን ግን 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ፣ እንደ ስስ ስፖንጅ ፍራሽ! ሽፋኑ ላይ ያለው ውሃ አሳላፊ ፕሮቲን፣ አኳፖሪን፣ ቀዳዳው ጠባቡ ቦታ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የውሃ ሞለኪውሎች እንደ ምስር ፍሬ አንድ በአንድ ተሰልፈው ያልፋሉ። እዚህ ድረስ ክፍሉ ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። የአኳፖሪን አንዱ ክፍል ክብደቱ 28 ሺህ ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ፣ ሶዲየምን ከሴሉ አስወጥቶ ፖታሲየምን የሚያስገባው ፕሮቲን፣ የሶዲየም ፖታሲየም ፓምፕ፣ ዋናው ክፍል ደግሞ 110 ሺህ ገደማ ከሆነ፣ «ወርዱም አራት እጥፍ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። አይደለም። ሁለቱም ድቡልቡል ቢሆኑ፣ ክብደቱ በወርድ ብቻ ሳይሆን በርዝመትና በከፍታም ስለሚከፋፈል፣ ወርዱ 1.6 እጥፍ ገደማ ነው፤ ይህንን በጭቃ ሠርቼ አሳየኋቸው። ፓምፑ ግን ድቡልቡል አይደለም። ሽፋኑን ሰንጥቆ ያልፍና ትልቁ አካሉ ወደ ሴሉ ውስጥ ይወጣል።

እባካችሁ፣ ቅርጹን ሳላዛባ በጭቃ ወይም በካርቶን እንዴት ልሥራው? ከፍራሹ በላይና በታች ስንት ስንት ሴንቲ ሜትር ልተው? ሐሙስ ክፍል እገባለሁ፤ ጥሩ ጥያቄ የጠየቀችን ልጅ እንዲሁ ማለፍ አልፈልግም።